አንድ መስመር ለሁለት፤ የሽቦና የኢንተርኔት መጋራት ታሪክ ከአሶሳ አንጻር

የመገናኛ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው መሣሪያው ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ፥ ይህን ያህል ቴሌፎን ገባ ይባላል። በአንዱ ሽቦ ስንት ሰው ተጠቀመ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ የቤት ኢንተርኔት መስመር የሚጋሩበትን ልማድ ከቀድሞው የሽቦ ታሪክ ጋር አያይዞ መመርመር ነው፤ እንዲሁም እንደ አሶሳ ያለውን ከአዲስ አበባ የራቀ ከተማ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው።

ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፥ መሣሪያውን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣልያ ይዘው የተመለሱት ራስ መኰንን እንደ ሆኑ ይነገራል። ቤኒሻንጉልን በ1890 ዓ.ም. በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ያስገባውን ዘመቻ የመሩትም እኒሁ ራስ መኰንን ናቸው። ሆኖም ሽቦውና አገሩ ቶሎ አልተገናኙም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ሲዘረጋ፥ የቤኒሻንጉል ወርቅም ሆነ ወሬ የሚጓዘው በሰው እግርና በእንስሳ ጀርባ ነበር።

በዚያ ዘመን ሽቦ ውድ ስለ ነበረ፥ መጋራት በየአገሩ የተለመደ ነገር ሆነ። በአሜሪካ ገጠር ብዙ ቤቶች በአንድ የቴሌፎን መስመር ይጠቀሙ ነበር፤ የእያንዳንዱ ቤት ጥሪ የሚለየው በደወሉ አኳኋን ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ ጎረቤትም እጀታውን አንሥቶ ቢያደምጥ የሚከለክለው አልነበረም። ስለዚህ መጋራት ሁለት ጥያቄዎችን አስከተለ፤ ይኸውም ተራው የማን ነው? ምስጢሩንስ ማን ይጠብቃል?

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር እነዚህ ጥያቄዎች ተመልሰው መጡ። የመጀመሪያው አገልግሎት በቴሌፎን መስመር በመደወል የሚገኝ ስለ ነበረ፥ አንድ ሰው ኢንተርኔት ሲጠቀም የቤቱ ቴሌፎን ይያዝ ነበር። እንዲህ ያለው መስመር ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት፥ ማለት 7 ኪሎባይት ያህል ያመላልሳል። አንድ ሜጋባይት ጽሑፍ ለማውረድ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ ግን ወደ 5 ደቂቃ ይጠጋል።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ መስመር የሚጠቀሙበት ዘዴ የተገኘው በድሆች አገር ችግር ምክንያት ብቻ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻ በ32 ቢት ስለ ተወሰነ ከ4.3 ቢልዮን ሊበልጥ አይችልም። ይህም እንደማይበቃ ስለ ታወቀ፥ በ1986 ዓ.ም. አድራሻን የመለወጥ ዘዴ በጽሑፍ ቀረበ። በዚህ ዘዴ በመስመሩ በር ላይ ያለው መሣሪያ የውጭውን አንድ አድራሻ ይይዛል፤ ከውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች የቤት አድራሻ ይሰጣቸዋል። በሩ የማን ጥያቄ እንደ ወጣ በመዝገብ ይዞ፥ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ይህን ሥራ ተራ የቤት ኮምፒውተር እንዲሠራው አስቻለ። መልእክቶቹም በትናንሹ ተከፋፍለው በተራ ስለሚያልፉ፥ ሁለቱም ሰዎች መስመሩ የየግላቸው ይመስላቸዋል።

የበርታ ሕዝብ የዙምባራ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው የራሱን አንድ ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። በዙምባራ በር ጠባቂ የለም፤ በተጋራ መስመር ግን አለ። በሩን የያዘው ኮምፒውተር ቢጠፋ ሁለተኛው ይቋረጣል፤ የበሩ ባለቤት ጎረቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ሊያይ ይችላል። የቀድሞው የምስጢር ጥያቄ ስሙን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ወጪውን እኩል የከፈሉ ሁለት ሰዎች በመስመሩ ላይ እኩል ሥልጣን የላቸውም ማለት ነው።

ይህ ነገር አሶሳን በተለይ ይመለከታታል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሲቋቋም ከተማዋ ዋና ከተማው ሆነች፤ በ2003 ዓ.ም. የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ተማሪና ሠራተኛ በተሰበሰበበት ከተማ ክፍያውን በሁለት መክፈል ብልኅነት ነው፤ ስለዚህ የመጋራትን ልማድ እንደ ድህነት ምልክት ብቻ መቍጠር አይገባም።

ለታሪክ ተማሪ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን መዝገብ የሚነግረን የከፋዩን ቍጥር ነው፤ ከበሩ በስተኋላ ያሉትን አይነግረንም። አድራሻን የሚለውጠው ዘዴ ራሱ ሁለቱን ሰዎች አንድ አስመስሎ ያሳያልና። የአሶሳን የመገናኛ ታሪክ በመስመሮች ብዛት ብቻ የሚጽፍ ሰው የከተማዋን አንባቢ ሳያውቀው በግማሽ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ገንዘቡ እንዴት እንደ ተካፈለ፥ ተራው እንዴት እንደ ተወሰነ፥ በሩን ማን እንደ ያዘ፥ ባለቤቶቹ ሳይረሱት ዛሬ ጠይቆ መጻፍ ይገባል።