ዐሥራ ሁለቱ ቁልፎች፦ የስልክ ቁጥር ሰሌዳ አመጣጥ

የስልክን የቁጥር ሰሌዳ ትኩር ብሎ የሚመለከት ሰው ጥቂት ነው። 1፣ 2 እና 3 ከላይ፣ 0 ከታች መቀመጣቸው የተፈጥሮ ሕግ እስኪመስል ድረስ ተለምዷል። ይሁን እንጂ ይህ አቀማመጥ የብዙ ዓመት ክርክርና የላቦራቶሪ ሙከራ ያስገኘው ነው። ሰውን መለካትም እንደ ሽቦና እንደ ማግኔት ሁሉ የመሐንዲስ ሥራ መሆኑ ከታወቀባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይኸው የቁጥር ሰሌዳ ታሪክ ነው።

በሚዞረው መደወያ ዘመን ስልክ መደወል የኤሌክትሪክ ምት መላክ ማለት ነበር። መደወያው ወደ ቦታው ሲመለስ በሴኮንድ 10 ያህል ምቶችን ወደ ማዞሪያ ጣቢያው ያስተላልፋል፤ ለ1 አንድ፣ ለ9 ዘጠኝ፣ ለ0 ደግሞ ዐሥር። በመሆኑም 9 እና 0 የበዙበት ቁጥር የሚደውል ሰው ባልንጀራው ሁለት ጊዜ ደውሎ እስኪጨርስ ድረስ ይቆም ነበር። የማዞሪያ ጣቢያውን ጠባይ የሚሸከመው የደንበኛው ጣት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ሸክም ከደንበኛው ላይ ለማውረድ ከደከሙት መካከል ደቡብ አፍሪካ የተወለዱት ጆን ካርሊን በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። ካርሊን በሙያቸው የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ወደ ቤል ላቦራቶሪዎች ገቡ። በ1947 ደግሞ የሰውን ጠባይና ችሎታ ከመሣሪያ ንድፍ ጋር የሚያጠና ክፍል በዚያው ተቋቋመ። በዚያ ጊዜ በአንድ የስልክ ድርጅት ውስጥ የሥነ ልቡና ሊቅ መቅጠር ብዙዎችን ሳያስገርም አልቀረም።

የክፍሉን የአሠራር መንገድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የነጭ ነጥቡ ጉዳይ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በተነደፈው አዲስ ስልክ፣ ቁጥሮቹ በጣት ሥር እንዳይሸፈኑ ተብሎ ከቀዳዳዎቹ ወጥተው በመደወያው ዙሪያ ተጻፉ። ለማንበብ ቀለለ፤ ነገር ግን ሰዎች መደወሉን አዘገዩት። ካርሊን ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ ጣት የሚያነጣጥርበት ነገር ማጣቱን ተረዱ። በየቀዳዳው ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ብትቀመጥ ይበቃል አሉ። ነጥቧ ተቀመጠች፤ ፍጥነቱም ተመለሰ። ነጥቧ ምንም መረጃ አትሰጥም፤ ዋጋዋም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ደንበኞችን ሰብስቦ ምን እንደሚፈልጉ የጠየቀ ሰው ግን ነጥብ ስጡን የሚል መልስ ባላገኘም ነበር። የሚገኘው ሰው ሲሠራ በማየት ብቻ ነው። በዚሁ ክፍል የሚነገር ሌላ ታሪክም አለ፤ 3 ጫማ ይረዝም የነበረው የስልክ ገመድ ቢያጥር ደንበኛ ያማርር እንደሆነ ለማወቅ፣ የካርሊን ረዳቶች የባልደረቦቻቸውን ገመድ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ኢንች በስውር ያሳጥሩ ነበር። አንድ ጫማ እስኪጎድል ድረስ ማንም አላስተዋለም።

ወደ ቁልፎቹ እንመለስ። በ1955 ሜሪ ላትዝ እና አልፎንስ ቻፓኒስ ምንም ያልተጻፈባቸውን ዐሥር ቁልፎች ለሰዎች አሳይተው፣ ቁጥሮቹ በየት በየት ይገኛሉ ብለው እንደሚጠብቁ አጥንተው አሳተሙ። አብዛኞቹ እንደሚያነቡት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይም ወደ ታች ደረደሯቸው። ቀጥሎም አር. ኤል. ዳይኒንገር በ1960 ባሳተሙት ጥናት፣ ልዩ ልዩ አቀማመጦችን፣ የቁልፍን መጠንና ለመጫን የሚያስፈልገውን ኃይል ጭምር ፈተኑ። እንደ መደወያው ክብ ሆኖ የተሠራ ነበር፤ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ሆኖ የተደረደረም ነበር። ከሞከሩት ውስጥ ብዙዎቹ በፍጥነትም ሆነ በስሕተት ብዛት እጅግ የተራራቁ አልነበሩም። በመጨረሻ ሦስት በሦስት ሆኖ 0 ከሥር የሚገባበት የተመረጠው፣ ሰው ከሚጠብቀው ሥርዓት ጋር ስለሚስማማና ለአሠራርም ስለሚመች ነው። የሒሳብ መኪና ከዚያ አስቀድሞ 7፣ 8 እና 9ን ከላይ ማድረግን ለምዶ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ስልክና የሒሳብ መኪና እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ጀርባ ለጀርባ ናቸው።

ውስጡን ያየ መሐንዲስ ሌላም ውበት ያገኛል። እያንዳንዱ ረድፍና እያንዳንዱ ዓምድ የየራሱ ቃና አለው፤ 1 ሲጫን 697 እና 1209 ኸርዝ በአንድነት ይሰማሉ። ሁለት ቃና የተመረጠው የሰው ድምፅ በድንገት እንደ ቁልፍ እንዳይቆጠር ነው። አዲሱ ስልክ ለደንበኞች የቀረበው ኅዳር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1963፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በካርኔጊና በግሪንስበርግ ከተሞች ሲሆን፣ ቁልፎቹ 10 ብቻ ነበሩ። ኮከብና መሰላል የተጨመሩት በ1968 ነው። ኮምፒዩተርን በስልክ ለማዘዝ ይረዳሉ ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ተራው ደንበኛ ግን ለብዙ ጊዜ የሚሠራባቸው ነገር አላገኘም።

በኢትዮጵያ እነዚህ ሥራ ፈት የነበሩ ሁለት ቁልፎች የገንዘብ በር ሆነዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው «ኮከብ 127 መሰላል» ብሎ እንዲገባ ተደርጓል። በዚህ መንገድ የሚላክ አንድ ገጽ ከ160 ባይት አይበልጥም። በላቲን ፊደል 182 ምልክት ይይዛል፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ግን ሁለት ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ የሚተርፈው 80 ነው። ቀጣዩ ገጽ ሲመጣ ያለፈው ይጠፋል፤ ስለዚህ የጻፈውን የገንዘብ ልክ በአእምሮው መያዝ ያለበት ሰውየው ነው። አንዲት 0 ብትጨመር 500 ብር 5000 ትሆናለች።

ጥበቱ ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። «ለአልማዝ 1500 ብር ይላክ? 1 አዎ 2 ይቅር» የሚለው ጥያቄ ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 29 ምልክት ብቻ ነው። ከምሥጢር ቁጥሩ በፊት ይህን የመሰለ አንድ ገጽ ያስገባ ነዳፊ፣ የላኪውን ትውስታ ወደ መሣሪያው አዛውሯል። በአንጻሩ የድርጅቱን ክፍሎች ስም በተራ የሚዘረዝር ዝርዝር፣ ደንበኛው የማያውቀውን የቢሮ አወቃቀር እንዲያጠና ያስገድደዋል። ይህ የማዞሪያ ጣቢያውን ምት በጣት ከማስቆጠር ብዙም አይለይም።

የካርሊን ነጥብ ዘመድ አላት። በባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ ከ5 ቁልፍ ላይ ትንሽ እብጠት ትገኛለች። ዐይነ ስውር ተጠቃሚ በጣቱ እርሷን ካገኘ በኋላ የቀሩትን ቁልፎች ሁሉ ከእርሷ ተነሥቶ ይደርስባቸዋል። ባለ መስታወቱ ስልክ ሲመጣ እብጠቷ ጠፋች፤ በምትኩ ስልኩ የሚነካውን ቁጥር በድምፅ እንዲያነብ ማድረግ አስፈልጓል።