ልጁን ማን ያዘላት?

ለሴት ሐኪም ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ጋዜጠኛው ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ጥናቱና ስለ ሹመቱ ጠይቆ ሲጨርስ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ሥራውንና ቤቱን እንዴት ነው የምታስኬጅው?» ይላታል። ወንድ ባልደረባዋ ከጎኗ ቢቀመጥም ጥያቄው እሱን ዘሎት ያልፋል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ እኔም መልሱን መስማት እወዳለሁ። የሚከነክነኝ፣ መልሱ ሁልጊዜ ስለ እሷ ብልሃት መሆኑ ነው፦ ገና ሳይነጋ መነሳቷ፣ ጊዜ አጠቃቀሟ፣ ብርታቷ። የሴት ሐኪሞችን የመቶ ሰባ ዓመት ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየ ሰው ግን ብርታት ብቻውን የትም አላደረሰም። ልጅ የያዘ፣ ማጀቱን የተረከበ፣ ገንዘብ ያወጣ፣ ስድቡን የተከላከለ ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ያልነበራት ደግሞ አንዱን ትታ ነው ሌላውን የያዘችው። (ከአገራችን አዋጆች በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልሳቤጥ ብላክዌል አንዱን ከተዉት ናት። በ1849 በኒውዮርክ ግዛት ከሚገኘው የጄኔቫ ሕክምና ኮሌጅ ስትመረቅ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ምኞቷ ቀዶ ሐኪም መሆን ነበር። በዚያው ዓመት ፓሪስ፣ ላ ማተርኒቴ በተባለው የወሊድ ሆስፒታል ስትሠራ፣ ዓይኑ የመገለ ሕፃን ስታክም ፈሳሹ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አንድ ዓይኗ ጠፋ፤ የቀዶ ሕክምናው ምኞትም በዚያው ቀረ። ትዳርም አልያዘችም። በ1854 ግን ኪቲ ባሪ የምትባል ወላጅ አልባ አየርላንዳዊት ልጅ ወስዳ ማሳደግ ጀመረች። ኪቲ ልጇም ሠራተኛዋም ነበረች። ካደገች በኋላ ቤቱን የምትመራውም እሷ ሆነች፤ እሷም ሳታገባ፣ ብላክዌል በ1910 እስክትሞት አብራት ኖረች። ስለ ብላክዌል የሚጻፈው ሁሉ ስለ ድፍረቷ ነው፤ ለዚያ ድፍረት ሌላ ሴት ሙሉ ዕድሜዋን እንደሰጠች የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ሁሉንም ይዛ ለመሄድ የሞከረችው እንግሊዛዊቷ ኤልሳቤጥ ጋሬት ናት። በ1859 ብላክዌል ለንደን መጥታ ስትናገር ከሰሟት አንዷ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዎቹ በር ሲዘጉባት የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ደንብ ሴትን በግልጽ እንደማይከለክል አስተዋለች፤ በዚያ ቀዳዳ ገብታ በ1865 ፈቃድ አገኘች። ማኅበሩ ወዲያው ደንቡን አሻሽሎ ቀዳዳውን ደፈነው። በ1870 ከፓሪስ የዶክትሬት ዲግሪዋን ይዛ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት ለለንደን የትምህርት ቦርድ ተመረጠች። በ1871 ጄምስ ስኬልተን አንደርሰን የተባለውን የመርከብ ኩባንያ ባለሀብት አገባች። ሥራዋን እንደማትተው ተግባብተው ነው የተጋቡት፤ በዘመኑ ያገባች ሴት ሥራ መቀጠሏ ለወዳጅም ለጠላትም ግራ ነበር።

አልተወችም፤ ግን ሁሉንም አልቀጠለችም። በ1873 የመጀመሪያ ልጇን ሉዊዛን ስትወልድ የትምህርት ቦርዱንና የምሥራቅ ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ሥራዋን ለቀቀች። የግል ሕክምናዋንና ለሴቶች ያቋቋመችውን ሆስፒታል ይዛ ቀረች። ሁለተኛዋ ልጅ ማርጋሬት በ1875 በማጅራት ገትር ሞተችባት፤ ወንዱ ልጇ አለን በ1877 ተወለደ። በዚህ ሁሉ መሃል የለንደን የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት ሲቋቋም አስተማረች፤ ከ1883 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በዲንነት መራችው። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ1873 አባል አድርጎ ከተቀበላት በኋላ ለሌሎች ሴቶች በሩን ስለዘጋ፣ ለ19 ዓመት ብቸኛዋ ሴት አባል እሷ ነበረች። «ሁሉንም አሟላች» እየተባለ ከሚነገረው ይልቅ በ1873 የትኛውን እንደለቀቀችና የትኛውን እንዳልለቀቀች ማየት ይበልጥ ያስተምራል። የለቀቀችው ሌሎች የሚመሩትን ነው፤ የራሷ የሆነውንና ሰዓቱን ራሷ የምትወስነውን አልለቀቀችም። ባለሀብት ባልና የቤት ሠራተኞች እንደነበሯትም መዘንጋት የለበትም።

በዚያው በ1873 ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ የቀድሞ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር አንድ መጽሐፍ አወጣ። ክርክሩ በአጭሩ፣ ልጃገረድ በትምህርት ከጠናች ለማህፀኗ የሚገባው ጉልበት ወደ ጭንቅላቷ ይሄዳል የሚል ነበር። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። መልስ ከሰጡት መካከል ሜሪ ፑትናም ጃኮቢ አንዷ ናት። እሷም ሐኪም፣ በዚያው ዓመት ያገባች ሙሽራ ነበረች። ለሴቶች መጠይቅ በትና የ268ቱን መልስ ሰበሰበች፤ የደም ሥር ትርታን በመሣሪያ ለካች፤ በወር አበባ ጊዜ ሴት ከሥራ ማረፍ አለባት የሚለው ማስረጃ እንደሌለው አሳየች። ጽሑፏ ስሟ ሳይታወቅ ለውድድር ቀረበና በ1876 የራሱን የሃርቫርድን የቦይልስተን ሽልማት አገኘ። ባሏ አብርሃም ጃኮቢ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አባት የሚባል፣ በዘጊ አናዳ በሽታ ላይ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። ልጃቸው ኤርነስት በ1883 በሰባት ዓመቱ የሞተው በዚያው በዘጊ አናዳ ነው። ሁለት ታላላቅ ሐኪሞች ባሉበት ቤት እንኳ በሽታው አላፈረም፤ ትዳራቸውም ከዚያ ሐዘን በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ከሁሉ ይልቅ የምታስደንቀኝ ግን ካዳምቢኒ ጋንጉሊ ናት። በ1861 በሕንድ ተወለደች። በ1883 ከቻንድራሙኪ ባሱ ጋር በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በሕንድ ዲግሪ ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ዓመት ድዋርካናት ጋንጉሊን አገባች። አስተማሪዋ የነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ 17 ዓመት የሚበልጣት፣ ለሴቶች መማር የሚሟገት ሰው ነው። ወዳጆቹ ሳይቀሩ በጋብቻው አኮረፉ። እሷ ግን ካገባች በኋላ ነው የካልካታ ሕክምና ኮሌጅ የገባችው። ሴት መግባቷን የተቃወመ አንድ መምህር በእሱ ትምህርት ስለጣላት ሙሉው የሕክምና ዲግሪ ቀርቶባት በ1886 በዝቅተኛው ማዕረግ ተመረቀች።

በዚያው ዓመት፣ በዓለም ሌላ ጫፍ፣ ሌላ ሕንዳዊት ትመረቅ ነበር። አናንዲባይ ጆሺ በዘጠኝ ዓመቷ ተዳረች፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ወለደች፤ ሕፃኑ በአሥረኛው ቀን ሞተ። እንድትማር የገፋት ባሏ ነው፤ ጥናት ትታ ማጀት ስትገባ ይመታት እንደነበርም ይነገራል። ሚስቱን ምጣድ ስር በማግኘቱ የሚቆጣ ባል በዚያ ዘመን ብርቅ ነው፤ ዱላው ግን ያው የባል ዱላ ነው። በፔንስልቫንያ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ ተምራ በመጋቢት 1886 ተመረቀች፤ በኮልሃፑር ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ኃላፊ ሆና ተሾመች። በሳንባ ነቀርሳ ታማ ነበርና ሥራውን ሳትጀምረው በየካቲት 1887 ሞተች፤ ዕድሜዋ 21 ነበር።

ካዳምቢኒ በሕይወት ቆየች፤ መቆየትም የራሱ ፈተና ነበረው። ከእንጀራ ልጆቿ ጋር ስምንት ልጆች አሳደገች። በሌዲ ደፈሪን ሆስፒታል ስትቀጠር ሙሉ ዲግሪ የላትም ተብላ ከአውሮፓውያኑ ሴት ሐኪሞች ዝቅ ተደርጋ ታየች። በሌሊት ወደ በሽተኛ ቤት ስትሄድ የሚያያት ሰፈር ያማት ነበር። በ1891 «ባንጋባሺ» የተባለ ጋዜጣ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ ጻፈባት። እሷና ባሏ አልተሸሸጉም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። አዘጋጁ ስድስት ወር እስራትና 100 ሩፒ መቀጫ ተፈረደበት። በሁለት ዓመቱ፣ የጎደለውን ማዕረግ ለመሙላት፣ ልጆቿን ትታ በመርከብ ወደ ስኮትላንድ ሄደች፤ በኤዲንብራና በግላስጎ ፈተናዎቹን አልፋ ሦስት ማረጋገጫ ይዛ ተመለሰች።

ልጆቹስ? ባሏ ነበር። ቤቱ፣ በኮርንዋሊስ ጎዳና 13 ቁጥር፣ ብዙ ቤተሰብ በየፎቁ የሚኖርበት ትልቅ ቤት ነበር፤ የእንጀራ ልጇ ቢዱሙኪም ከባሏ ከኡፔንድራኪሾር ራይ ጋር እዚያው ትኖር ነበር። (የታላቁ ፊልም ሠሪ የሳትያጂት ራይ አያቶች ናቸው።) አንዲት እናት ብትሄድ ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም ነበር። በሠረገላ ወደ በሽተኛ ስትሄድ እንኳ ዳንቴል ትሠራ እንደነበር ይነገርላታል፤ ይህን የሚያወሩት ሙያዋን ለማድነቅ ነው፣ እኔ ግን ሐኪምም ሆና ባለሙያ የቤት እመቤት መሆኗን ማስመስከር እንደነበረባት ይሰማኛል። ባሏ በ1898 ሞተ። እሷ ጥቅምት 3 ቀን 1923፣ በዕለቱ ቀዶ ሕክምና ሠርታ ቤቷ እንደገባች አረፈች።

የዛሬዋን ሐኪም የሚያደክመው ሥርዓት የተፈጠረው በእነዚህ ሴቶች ዘመን ነው። በ1889 በባልቲሞር የተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ወጣት ሐኪሞች ሆስፒታሉ ውስጥ እያደሩ ለዓመታት የሚሠለጥኑበትን ስልት ዘረጋ፤ ዓለም ሬዚደንሲ ብሎ የወሰደው ይህን ነው። ሠልጣኙ ያላገባ፣ ቤት የማይጠብቀው ወንድ እንዲሆን ታስቦ ነበር። አስገራሚው ነገር የዚያው ተቋም የሕክምና ትምህርት ቤት በ1893 ሲከፈት ሴቶችን ከወንዶች እኩል የተቀበለው ሜሪ ጋሬት የተባለች የባቡር ባለሀብት ልጅ ከ300,000 ዶላር በላይ ሰጥታ ይህን ቅድመ ሁኔታ ስላስቀመጠች ነው። ገንዘቧ በሩን አስከፈተ፤ የዱቲውን (የተረኝነቱን) ሰዓት ግን አልነካም። በአሜሪካ የሬዚደንት የሥራ ሰዓት በሳምንት 80 እንዲሆን የተገደበው በ2003 ነው፤ ይህም ለሴቶቹ ታዝኖ ሳይሆን እንቅልፍ ያጣ ሐኪም በሽተኛ ይጎዳል ተብሎ ነው።

ወደ አገራችን የሚያመጣን መንገድ በእነዚሁ ሴቶች በኩል ያልፋል። የኤልሳቤጥ ጋሬት ልጅ ሉዊዛ እንደ እናቷ ሐኪም ሆነች፤ በ1912 ከሴቶች የምርጫ መብት ታጋዮች ጋር ታሰረች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ለንደን ውስጥ ሴቶች ብቻ የሚሠሩበትን የጦር ሆስፒታል ከባልደረባዋ ከፍሎራ መሪ ጋር መራች። የዚያው ትግል ልጅ የሆኑት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሆነው ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰቡት። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር። በ1942 ትዳር ይዘው ወለጋ እንደገቡ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ አረፉ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ራሳቸው ነርስ ሆነው፣ በወሊድ ጉዳይ መሞታቸው ስለ ቀሪው ሕዝብ የሚናገረው ብዙ ነው።

በዚያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣ ማስታወቂያ አይተው በ1959 አዲስ አበባ የገቡት ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ናቸው። ውላቸው ሦስት ዓመት ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ሪቻርድን ይዘው መጡ። በምጥ ብዛት የተጎዱ፣ ሽንት የሚያመልጣቸውና ከቤት የተገለሉ እናቶችን ባዩ ጊዜ ቀሩ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉ ተከፈተ፤ መኖሪያቸውም ግቢው ውስጥ ሆነ። ባልና ሚስት አንድ ሙያ፣ አንድ የቀዶ ጠረጴዛና አንድ ግቢ ነበራቸው። ብዙዎች ስለ እምነታቸው ሲጽፉ ይህን ቀላል ነገር ያልፉታል፦ በሥራና በቤት መካከል የሚያመላልስ መንገድ አልነበራቸውም። ባላቸው በ1993 ካረፉ በኋላም ካትሪን በዚያው ግቢ ኖረው በ2020 በ96 ዓመታቸው አረፉ። አጠገባቸው ሆነው ቀዶውን የተማሩት ታካሚያቸው ማሚቱ ጋሼ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የለንደኑን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

ግቢ ውስጥ ቤት የሌላት የዛሬዋ ሐኪም ሒሳቧ ሌላ ነው። በ18 ዓመቷ የገባች ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ተምራ፣ ኢንተርንነቷን ጨርሳ፣ ተመድባ አገልግላ፣ ስፔሻላይዝ ልታደርግ ስትገባ ሠላሳውን ተጠግታለች። ሬዚደንሲው ሦስትና አራት ዓመት ይበላል። ዘመድ «መቼ ነው የምናይልሽ?» የሚለውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ማህፀንና ፅንስ የመረጠች ደግሞ ሌሎችን እያዋለደች የራሷን ምጥ ታስባለች፤ ዶ/ር ሊያ ታደሰ ከዚሁ ሙያ ተነስተው በኮቪድ ወረርሽኝ መባቻ የጤና ሚኒስትር ሆነው ነበር፤ በዚህ ሙያ እስከዚያ መድረስ ይቻላል ማለት ነው።

አራስነቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከአገር ቤት የምትመጣ እናት ናት። እሷ ስትመለስ የቤት ሠራተኛ ትተካለች፤ ብዙ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ ከተማ የገባች ልጅ። አንዷ ሴት ሐኪም እንድትሆን ሌላዋ ከክፍል መውጣቷን ማየት አይመችም፤ ግን ኪቲ ባሪም ያው ነበረች። ሕጉ የሰጠውን ብንቆጥር፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባትየው ሦስት ቀን። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ማቆያው የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ነው፤ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ዱቲ የሚገባውም አመሻሽ ላይ ነው።