የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አወሳሰን

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የትምህርት ክፍያ የሚወስነው የሪጀንቶች ቦርድ ነው። ከ26ቱ ድምፅ ሰጪ አባላት 18ቱን የክፍለ ግዛቱ ገዥ ለ12 ዓመት ይሾማቸዋል፤ ሰባቱ፣ ገዥውና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጭምር፣ በያዙት ሥልጣን ምክንያት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለአንድ ዓመት የሚመረጥ ተማሪ ነው። ከፋዮቹ ተማሪዎች በቦርዱ ውስጥ ያላቸው ድምፅ ይኸው አንድ ብቻ መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው።

የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ለቦርዱ ሰፊ ነጻነት ስለሚሰጥ ሕግ አውጪው ክፍያውን በቀጥታ አይተምንም፤ ጫና የሚያሳድረው በበጀት ነው። ድጎማ ሲቀንስ ሸክሙ ወደ ተማሪው ይዞራል። የፋይናንስ ቀውሱ የካሊፎርኒያን ካዝና ባራቆተ ጊዜ፣ በኖቬምበር 2009 እ.ኤ.አ.፣ ቦርዱ ክፍያውን በ32 በመቶ ጨመረ። ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ፤ በአንዳንድ ግቢዎችም ሕንፃዎችን ያዙ። ጭማሪው ድንገተኛ ስለነበር ቤተሰቦች አስቀድመው ሊዘጋጁበት አልቻሉም።

በጁላይ 2021 የጸደቀው ዕቅድ ይህን ድንገተኛነት ለማስቀረት ያለመ ነው። ከ2022 መጸው ጀምሮ የገባ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመግቢያ ዓመቱ ክፍያ እስከ ስድስት ዓመት አይለወጥበትም። ጭማሪ የሚያርፈው በየዓመቱ አዲስ በሚገቡት ላይ ነው፤ መጠኑ የዋጋ ንረትን ይከተላል፣ ጣሪያውም 5 በመቶ ነው። ከጭማሪው ከሚገኘው ገቢ 45 በመቶው ለተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ እንዲውል በ2021 ተወስኖ ነበር፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ብዙ ተማሪዎች ጭማሪውን ከኪሳቸው አይከፍሉም።