ስምን መልአክ ያወጣዋል? የፈረንሳዮች የቃላት ጦርነትና ትምህርቱ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የፈረንሳይኛው ኮምፒዩተር ግን ስሙን ያገኘው ከአንድ የላቲን መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአይ.ቢ.ኤም. የፈረንሳይ ቅርንጫፍ አዲሱን መሣሪያ ምን ብሎ እንደሚጠራው በሶርቦን ያስተምሩ የነበሩትን ዣክ ፔሬን አማከረ። እርሳቸውም በደብዳቤ «ኦርዲናተር» የሚለውን ቃል ጠቆሙ፤ ይህም ዓለምን በሥርዓት የሚያኖር አምላክን ለመግለጽ ያገለግል የነበረ አሮጌ ቃል ነው። ፕሮፌሰሩ ቃሉን በአንስታይ ጾታ ቢመርጡትም ኩባንያው ተባዕቱን ወሰደ። ዛሬ ፈረንሳዮች መሣሪያውን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

እንደ ታሪክ መምህር ሁልጊዜ የሚያነጋግረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ቃል ሲያሸንፍ ሌሎች ብዙዎች ለምን በወረቀት ላይ ቀሩ? መልሱ ያለው ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከሥልጣን ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል።

የፈረንሳይ መንግሥት በቋንቋ ጉዳይ እጁን ማስገባት የጀመረው ትናንት አይደለም። ቀዳማዊ ፍራንስዋ በ1539 በቪሌርኮትሬ ድንጋጌ የፍርድ ቤት ጽሑፎች በላቲን መጻፋቸው ቀርቶ በፈረንሳይኛ እንዲሆኑ አዘዘ። ካርዲናል ሪሽልዩ በ1635 አካዳሚውን አቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፊልሙም፣ ማሽኑም፣ ማስታወቂያውም የአሜሪካ ስም ይዞ ሲጎርፍ ሥጋቱ መልኩን ለወጠ። ኤትያምብል በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ድብልቅ ቋንቋ «ፍራንግሌ» እያለ ተሳለቀበት። በ1972 በየሚኒስቴሩ የስያሜ ኮሚሽኖች እንዲቋቋሙ ተደነገገ፤ በ1992 «የሪፐብሊኩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው» የሚል አንቀጽ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ፤ በ1994 ደግሞ በባህል ሚኒስትሩ በዣክ ቱቦን ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። ቀልደኞች የሚኒስትሩን ስም ወደ እንግሊዝኛ መልሰው «ጃክ ኦልጉድ» አሏቸው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ እንዲለው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ሐምሌ 29 ቀን 1994 በሰጠው ውሳኔ፣ የ1789ን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ጠቅሶ ወሳኝ የሆኑ አንቀጾችን ሠረዘ። መንግሥት የራሱን ሹማምንትና የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡትን በተመረጡ ቃላት እንዲገለገሉ ሊያስገድድ ይችላል፤ ተራውን ዜጋ ግን በዚህ ቃል ተናገር፣ በዚያኛው አትናገር ሊለው አይችልም። ቋንቋውን እጅግ በሚያፈቅር ሀገር እንኳ የአፍ ነፃነት ከቃል ጥራት በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዳኛው ተናጋሪው ሕዝብ ሆነ። ለሶፍትዌር የተፈጠረው «ሎዢስዬል» ሥር ሰደደ። ለማርኬቲንግ የተሰየመው «መርካቲክ» ግን ገበያው ሳይቀበለው ቀረ። በ2013 ለሃሽታግ «ሞዲዬዝ» የሚል ቃል በይፋዊው ጋዜጣ ሲታተም፣ ዲዬዝ የሙዚቃ ምልክት እንጂ ያ ምልክት አይደለም ብለው ብዙዎች ሣቁበት። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በጊዜ ደረሰ፣ ባለሙያውም ሠራበት፤ የኋለኞቹ ግን እንግሊዝኛው ቤቱን ሠርቶ ከገባ በኋላ የመጡ እንግዶች ነበሩ።

የኬቤክ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በሞንትሪያል ፋብሪካዎች የአለቃው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለነበረ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሠራተኛ የመኪናውን ክፍልና የመሣሪያውን ስም በአለቃው ቋንቋ ነበር የሚያውቀው። ስለዚህ በዚያ የቃል ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በ1961 የቋንቋ ቢሮ ተቋቋመ፤ የ1977ቱ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተርም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች የሥራ ቋንቋቸውን ፈረንሳይኛ እንዲያደርጉ አስገደደ። ቃላቱ በዎርክሾፑ ውስጥ ሥራ ስላገኙ ኖሩ። የኬቤክ የመንገድ ምልክት «አሬ» ሲል የፈረንሳዩ ግን «ስቶፕ» ይላል! ለኢሜይል የተፈጠረውን «ኩርዬል»ንም ፓሪስ በ2003 ከኬቤክ ተውሳ በይፋ ተቀበለችው።

የነገሩ ምፀት ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዮች ከእንግሊዝ መጣብን የሚሏቸው አንዳንድ ቃላት ቀድሞ ከራሳቸው ቤት የወጡ ናቸው። «በጀት» «ቡዤት» ከሚለው የትንሽ ቦርሳ ስም፣ «ቴኒስ» ደግሞ «ያዙ» ለማለት ከሚነገረው «ትኔ» የመጡ ናቸው። ፍጹም ንጹሕ ቋንቋ ፈልጎ ያገኘ የለም።

እኛም ብንሆን «ቢሮ»ን፣ «ሾፌር»ን፣ «ለገሃር»ን ከፈረንሳይኛ ተቀብለን የራሳችን አድርገናል። በአብዮቱ ዘመን «ወዝአደር» ያለና «ላብአደር» ያለ በአንዲት ቃል ጎራው ይለይ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በቅርቡም «ጦማር» የሚለው የግእዝ ቃል፣ እርሱም ራሱ ከጽርእ የመጣ ሆኖ፣ ማንም አዋጅ ሳያወጣለት ለአዲስ ነገር ስም ሆኗል።

ስለዚህ «ኮምፒዩተር» አልክ ተብሎ ማንም ሊወቀስ አይገባም እላለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በ2006 የቬርሳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ኩባንያ 580,000 ዩሮ እንዲከፍል የፈረደው ለሠራተኞቹ የሚሰጣቸውን ቴክኒካዊ ሰነዶች ወደ ፈረንሳይኛ ባለመተርጎሙ ነበር። ከቱቦን ሕግ የተረፈው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሰው የሚሠራበትን፣ የሚፈርምበትንና የሚታከምበትን ነገር በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት አለው። የእኛ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ተመርቆ ሐኪም ሲሆን ግን በሽታውን ለእናቱ በምን ቃል ያስረዳታል? መንግሥት ለቃል መጨነቅ ካለበት፣ ከዜጋው አንደበት ሳይሆን ከራሱ ቅጾች፣ ከራሱ መመሪያዎችና ከራሱ ሆስፒታሎች ይጀምር።