መሬት ስትዞር የተለካ አገር
የጊቤ ምድር ቅየሳና ሙሴ ዳባዲ

በጅማ ከተማ በገላጣ ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ተክሎ ጥላውን የሚጠብቅ ሰው፣ ጥላው ከሁሉ አጥሮ በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ የሚያርፈው ልክ በስድስት ሰዓት እንዳልሆነ ያስተውላል። በአማካይ 33 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የሰዓቱ ጥፋት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን፣ ይህ መስመር በኦጋዴን በኩል ያልፋል፤ ጅማ ግን በ36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ኦጋዴን ላይ ቀትር ከሆነ በኋላ ጅማ ከፀሐይ ፊት እስክትደርስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያልፋል። ሰው ቆሜያለሁ ቢልም ቡናውም፣ ገበያውም፣ ተራራውም በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጓዛሉ።

የሰዓት ልዩነትና የቦታ ልዩነት አንድ ነገር መሆናቸው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ይህ እውቀት በጊቤ አገሮች በተግባር የዋለበት ታሪክ ግን ከሚገባው በታች የታወቀ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢየሱሳዊው አንቶንዮ ፈርናንዴስ በ1613 እናርያን አቋርጦ ሄዶ ነበር። በመሣሪያ የታገዘ ስልታዊ ቅየሳ የመጣው ግን ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ሙሴ አንቷን ዳባዲ በ1810 ደብሊን ከተማ ተወልዶ በፈረንሳይ አገር ያደገ ሰው ሲሆን፣ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ደረሰ። በ1843 ከጎጃም ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጉድሩ በኩል እናርያ ገባ፤ የንጉሥ አባ ባጊቦ ዋና ገበያ በነበረችው በሰቃ ተቀመጠ። ሰቃ ዛሬ በሊሙ የቡና አገር ውስጥ ያለች መንደር ናት። በዚያን ጊዜ ግን ከጎንደርና ከጎጃም የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ስፍራ ነበረች።

የጊቤ መንግሥታት ድንበር በኬላ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ መንገደኛ መግባትም ሆነ መውጣት የሚችለው በንጉሥ ፈቃድ ብቻ ነበር። ዳባዲ ካፋን ለማየት የቻለውም በቴዎዶላይቱ ኃይል ሳይሆን በአባ ባጊቦ የጋብቻ ጉዳይ ነው። ንጉሡ የካፋውን ንጉሥ እኅት ለማግባት መልእክተኞች ሲልኩ እሱም አብሮ ሄደ፤ ቦንጋም ደረሰ። በካፋ የቆየው 11 ቀን ብቻ ነበር። ቅየሳው በሙሽራ አጃቢዎች መካከል የተደረገ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራው እንዴት ተሠራ? ኬክሮስን ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ፀሐይ ወይም ኮከብ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ከፍታውን መለካት ይበቃል። ጅማ በ7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 1 ቀን ገደማና ነሐሴ 27 ቀን ገደማ ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ታልፋለች፤ የተተከለው ዘንግም ጥላ ያጣል። ይህም መሬት ዛቢያዋን አዘንብላ በፀሐይ ዙሪያ የመጓዟ ምልክት ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ፀሐይ በአናት አጠገብ ስትሆን ከፍታዋን አጥርቶ መለካት አስቸጋሪ ነው፤ በሌሊት ደግሞ ደመና አለ። ለቡና የተመቸ ሰማይ ለቀያሽ አይመችም።

ከባዱ ኬንትሮስ ነው። የቦታው ሰዓት ከፀሐይ ወይም ከከዋክብት ይገኛል፤ የሚታወቅ የሌላ ቦታ ሰዓት በዚያችው ቅጽበት ስንት እንደሆነ ግን ማን ይንገር? ቴሌግራፍ ወደዚያ አገር ገና አልመጣም። ክሮኖሜትር በበቅሎ ጀርባ ላይ ለወራት ሲንገላታ እምነት አይጣልበትም፤ 4 ሴኮንድ ቢያዛባ ቦታው 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሳሳታል። የቀረው የሰማዩ ሰዓት፣ ጨረቃ ናት። ጨረቃ በከዋክብት መካከል በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ማለት ግማሽ ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፤ ኮከብ የምትጋርድበትን ቅጽበት የመዘገበ ሰው የፓሪስን ሰዓት በስሌት ያገኛል። ይሁን እንጂ መሬት በዚያው ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና የጨረቃ ቦታ በአንድ ቅንጣት ሲሳሳት ኬንትሮሱ 27 እጥፍ ያህል ይሳሳታል። የአንድ ደቂቃ ቅስት ስሕተት 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ዳባዲ ከዚህ ችግር የወጣበት መንገድ ለሙያው ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። መነሻ መስመርን በሰንሰለት ለመለካት ጊዜውም ፈቃዱም አልነበረውም። ስለዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ኬክሮስ ለክቶ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታየውን አቅጣጫ በቴዎዶላይት ያነብባል። የኬክሮሱ ልዩነትና አቅጣጫው ከታወቁ ርቀቱ በትሪጎኖሜትሪ ይገኛል፤ ከርቀቱም የኬንትሮሱ ልዩነት። ከዚያ በኋላ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ፣ ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ ሰንሰለቱን እየቀጠለ ይሄዳል። እርግጥ ሁለቱ ቦታዎች በምሥራቅና በምዕራብ መስመር ላይ ከተቃረቡ ዘዴው ይከዳል፤ የኬክሮሱ ልዩነት ትንሽ ስለሚሆን ጥቂት ስሕተት ርቀቱን ያበላሻል። ከፍታውን የሚያውቀው ውሃ በማፍላት ነበር። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፣ በጅማ አካባቢ የቡና ጀበና የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይኸው ጥንቁቅ ሰው ግን በአንድ ጉዳይ እጅግ ተሳሳተ። በጥር 1846 ከወንድሙ ጋር ወደ ጊቤ ምንጭ ወጥቶ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘሁ ሲል የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። ጊቤ ኦሞን ይሆናል፤ ኦሞም ወደ ምዕራብ ዞሮ ነጭ ዓባይን ይሆናል የሚል እምነት ነበረው። ምንጩ ያለበትን ቦታ ለክቶ ነበር፤ ወንዙ የሚደርስበትን ግን አላየም። በዚያ በኩል የነበረው ማስረጃ ከመንገደኞች የተሰማ ወሬ ነው።

በጎጃም ይቀይስ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ይህን አልተቀበለም። በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ካፋ መድረሱን እንኳ ተጠራጠረ፤ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጠውንም ሜዳልያ መለሰ። ቤክ በምንጩ ጉዳይ ትክክል ነበር፤ የካፋውን ጉዞ በመካዱ ግን ዳባዲን በድሎታል። ነገሩ የተቋጨው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስፒክ በ1862 ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን አየ፤ ጣሊያናዊው ቦቴጎ ደግሞ በ1896 ኦሞ ቱርካና ሐይቅ መግባቱን አረጋገጠ። የቱርካና ሐይቅ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 360 ሜትር፣ ነጭ ዓባይ በጁባ ዘንድ ወደ 450 ሜትር ከፍታ አላቸው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም። ያን የውሃ ማፍያ ይዞ እስከ ታች ቢወርድ ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። ቦቴጎም ዳባዲም የሞቱት በዚያው በመጋቢት 1897 ነው፤ አንዱ በምዕራብ ኢትዮጵያ በውጊያ፣ ሌላው በፓሪስ በእርጅና።

የሚያስቆጨው የዓባይ ምንጭ በእርግጥ እዚያው አጠገብ መኖሩ ነው። ከጎማና ከጌራ ኮረብቶች በአንዱ በኩል የወረደ ዝናብ ጊቤን ይዞ ቱርካና ይቀራል፤ በሌላው በኩል የወረደው በዲዴሳ ወደ ጥቁር ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ዳባዲ ባንዲራውን የተከለለት ወንዝ ዛሬ ከገባሮቹ ጋር ግልገል ጊቤን፣ ጊቤ ሁለትንና ጊቤ ሦስትን ተሸክሟል፤ የሦስቱ አቅም በድምሩ 2,474 ሜጋ ዋት ነው።

ዳባዲ የማስታወሻ ደብተሮቹን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ስሌቱ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ሮዶልፍ ራዶ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ እየረዳው «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» የተባለው መጽሐፍ በ1873 ተጠናቀቀ። ይህ ሰው በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ዳባዲ መሆኑን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል። በአንዳይ ባሠራው ቤተ መንግሥት ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ አቋቋመ፤ የቱንቢ አቅጣጫ ይወዛወዝ እንደሆነ ለማወቅም ከታች ሜርኩሪ ያለበት ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። በ1882 የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፣ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት የተላከውን የፈረንሳይ ቡድን መርቶ ሃይቲ ሄደ። የሥራው ዓላማ የመሬትንና የፀሐይን ርቀት ማወቅ ነበር። ያ ርቀት ዛሬ በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ታውቋል፤ መሬትም በምሕዋሯ ላይ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። በሰቃ የመሬትን ዙረት የተጠቀመበት ሰው በእርጅናው የጉዞዋን ስፋት ለመለካት መውጣቱ ነው።

የአገሪቱ ካርታዎች ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የተመሠረቱት በኑቢያ በሚገኘው በአዲንዳን መነሻ ነጥብና በክላርክ 1880 የመሬት ቅርጽ ላይ ነው። አሁን በሳተላይት የሚገኘው ቦታ በጅማ አካባቢ ከዚያ ከ200 ሜትር በላይ ይለያል፤ የቆየ ካርታና አዲስ መሣሪያ ቀላቅሎ መንገድ የቀየሰ ባልደረባ ይህን ልዩነት ሳይወድ ያውቀዋል። ሳተላይቱ የጨመረው ሌላ ነገርም አለ። ጅማ ያለችበት የኑቢያ የመሬት ቅርፊት በዓመት ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይንሸራተታል። ዳባዲ በ1843 ሰቃ ላይ ቴዎዶላይቱን ያቆመበት መሬት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከአራት ሜትር በላይ ርቆ ሄዷል።