ፊደል መቍጠርና ማንበብ

በአገራችን አንድ ልጅ መማር መጀመሩን ለመግለጽ «ፊደል ቈጠረ» ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ሕፃኑ በመጀመሪያ የሚያደርገው መቍጠር እንጂ ማንበብ አይደለምና። ከመቍጠር ወደ ማንበብ የሚያሻግረው መንገድ ምን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ይህን ለመመርመር ያነሣሣኝ አንድ ቍጥር ነው። በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በግዕዝ ፊደል የሚማሩትም በላቲን የሚማሩትም በቍጥሩ ውስጥ አሉበት። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ግን ስለ ግዕዙ ነው።

ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት የሚጽፉ ዘመናውያን ብዙውን ጊዜ «ሽምደዳ» ብለው ያልፉታል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን የንባብ ቤትን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ለተከታተለ ሰው ይህ ፍርድ ችኩል ሆኖ ይታየዋል።

ሕፃኑ በየኔታ ፊት ወይም ቀድሞት በጀመረ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ፣ በስንደዶ እየጠቈመ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ይላል። የግዕዝ ፊደላት 26 ሲሆኑ በሰባት ሰባት ድምፅ 182 ይሆናሉ፤ ለአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱ ሲቈጠሩ ፊደላቱ 33፣ ድምፆቹ 231 ይደርሳሉ፤ ይህም ዲቃሎቹን ሳንጨምር ነው። ይህን ያህል ምልክት በዜማ ማጥናት ለሕፃን እምብዛም አይከብድም፤ የሚከብደው ዜማው ሲቋረጥ ነው። «ሞ»ን ለብቻዋ ያሳዩት እንደ ሆነ ከ«መ» ተነሥቶ ካልደረሰባት አያውቃትም። የተማረው ጆሮው ነው፤ ዓይኑ ገና ነው።

መምህራኑ ይህን ችግር ያውቁት ኖሯል። መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ይለወጣል፤ ከአ ወደ በ፣ ከበ ወደ ገ፣ ከገ ወደ ደ ይሄዳል። ያም ብቻ አይደለም፤ በያንዳንዱ እርምጃ ድምፁ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እያለ ይዘዋወራል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የለመደው ዜማ ስለማይረዳው ልጁ የፊደሉን አካልና በእግሩ ወይም በጐኑ የተጨመረውን ምልክት ለያይቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። ዛሬ በየመምህራን ማሠልጠኛው የሚመከረው ድምፅን ከምልክት የማገናኘት ትምህርት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእርግጥ አቡጊዳም ራሱ ሊሸመደድ ይችላል፤ ሰነፍ ተማሪ የማይሸመድደው ነገር የለም። የሚያስገርመው ሌላ ነው፤ አሜሪካዊው የጽሕፈት ተመራማሪ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እንደ እኛ ላለው የአጻጻፍ ዓይነት መጠሪያ ሲፈልግ የመረጠው ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ስም ነው። ስሙ ባሕር ተሻግሮ በሊቃውንት ዘንድ ሲከብር፣ እኔ በተማርሁበት የአንደኛ ደረጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ግን የነበረው ሀ ሁ ብቻ ነበር።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ከዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት የተወሰደው ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል። ልጁ በመጀመሪያ በቍጥር ያነባል፤ ይኸውም እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻው እየጠራ ነው። ከዚያ በግዕዝ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶች ከመምህሩ አፍ ይማራል። ይህ ለማሳመር ብቻ የተደረገ አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይጽፍም፤ በአማርኛም ቢሆን «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውሃ ላይ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «አለ» ላልቶ መናገርን፣ ጠብቆ መኖርን ያመለክታል። ስለዚህ ፊደሉን ሁሉ ያወቀ ልጅ እንኳ የዓረፍተ ነገሩን ምስጢር ካልያዘ ቃሉን በትክክል ሊያነበው አይችልም። ድምፅና ትርጕም ተለያይተው የሚማሩ ነገሮች አይደሉም።

የንባብ ቤት ጕድለትም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ነው። መቶ ኀምሳውን መዝሙር ጨርሶ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ይደግሱለታል፤ ያነበበውን ግን አያውቀውም፤ ትርጓሜው ብዙ ዓመት ቈይቶ ለሚደርስበት ተማሪ የተጠበቀ ነው። አብዛኛው ልጅ እዚያ አይደርስም። ማንበብን ከነደስታው ያገኘ ጥቂት ነው።

ሁለቱን ያገናኘ መጽሐፍ በ1894 በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ታተመ። አዘጋጆቹ አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ኋላ ነፃ የወጡ ናቸው። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ ነው። አስቴር 500 ያህል ተረት፣ እንቈቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ሰብስባ ነበር፤ ከእነዚህም ከፊሉ ለልጆቹ ንባብ ገባ። ልጁ በቤቱ እሳት ዳር የሰማውን ተረት በወረቀት ላይ ሲያገኘው የቃሉን ድምፅ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የትኛው እንደሚጠብቅ የትኛው እንደሚላላ አይቸገርም። በ1904 ሁለቱ ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት ማስተማር ሲጀምሩ መጽሐፉ በእጃቸው ነበር።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ነገር ግን ሌላ ነው። በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ሲጀምር ትኵረቱ በውጭ ቋንቋዎች ላይ ነበር። ፊደል ማስቈጠር ለቄስ ትምህርት ቤት የተተወ ሥራ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖረ። እንደሚመስለኝ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ሳያልፉ በቀጥታ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች እየበዙ ሲሄዱ፣ ዘመናዊው መምህር የወረሰው የሀ ሁ ዜማን ነው፤ አቡጊዳውንና የቍጥር ንባቡን አልወረሰም። በንባብ ቤት ለአንድ ልጅ አንድ አስጠኚ ሲገኝ፣ እርሱ ዘንድ ስድሳና ሰባ ሕፃናት በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ማን እንዳወቀ ማን እንዳላወቀ በምን ይለያል?

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ አንደኛ ክፍልን ጨርሳ ሀ ሁን ያለ አንዳች ስሕተት አወረደችልኝ። በወረቀት ላይ ቀዳዳ አብጅቼ በገበታው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ባሳያት፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ተነሣች። በሌላ ቀን እንቈቅልሽ ጠይቄያት መልሱን አጣችው፤ አገር ስጪኝ ብዬ ተቀበልኋትና መልሱን በአፌ ሳልነግራት ጽፌ ሰጠኋት። ጣቷን አስቀምጣ «ጨ… ረ…» አለች፤ ጥቂት ቈየችና «ጨረቃ!» ብላ ጮኸች። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ሌላ እንድጽፍላት ሰጠችኝ።