የሐሰት ጢም

የባሕር በር የሌላት የፓራጓይ መሪ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ በ1864 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ከብራዚል ጋር ጦርነት ጀመረ። ጦሩን በምድርዋ ለማሳለፍ ጠይቋት እንቢ ስላለችው በሚቀጥለው ዓመት አርጀንቲናን ደግሞ ወጋ። ኡሩጓይ ተጨምራ ሦስቱ በቃል ኪዳን ተነሡበት።

ሕዝቡ ፈሪ አልነበረም፤ በ1866 ኩሩፓይቲ በተባለው ምሽግ ጠላቱን ክፉኛ መትቶ መልሶ ነበር። ነገር ግን አንድ ትንሽ አገር ሦስት መንግሥት እስከ መቼ ይችላል? በ1869 ዋና ከተማው አሱንሲዮን ተያዘ። ሎፔስ እጅ መስጠትን እንቢ ብሎ ወደ ኮረብታው አገር አፈገፈገ፤ ጎልማሶቹ ስላለቁበትም ልጆችን አሰለፈ። በዚያው ዓመት ኦገስት 16 ቀን አኮስታ ኙ ላይ የብራዚልን ጦር ከገጠሙት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ከሩቅ ጎልማሳ እንዲመስሉ የሐሰት ጢም ተደርጎላቸው ነበር ይባላል።

እኔ ዕድሜዬን ከልጆች ጋር ያሳለፍሁ መምህር ነኝና፣ ይህን ባነበብሁ ቍጥር በፊተኛው ወንበር የሚቀመጡት፣ እግራቸው መሬት የማይደርሰው ትንንሾች በዓይኔ ይመጡብኛል። ሎፔስ ማርች 1 ቀን 1870 ሴሮ ኮራ ላይ ተገደለ፤ አገሩም ጀግናዬ ትለዋለች። ድፍረቱን አልክድም። ለራሱ ሞትን መምረጥ ይችል ነበር፤ ለእነዚያ ልጆች እንዲመርጥ ግን ማን ሥልጣን ሰጠው?

ፓራጓይ ኦገስት 16ን የልጆች ቀን ብላ ታከብረዋለች።